ፍሬን የለሹ ጌም

«መንዳቱንስ ትነዳለች፤ ቁልቁለቱን ነው የማላምናት።»

የምሥራች ይህን የሰማችው ጓዳ ሆና የቁርስ ዕቃ ስታጥብ፣ ሁለት እጇ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ነው። ድምፁ የአባቷ የአቶ በኃይሉ ነው። ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ በዚያ ቤት ምሥጢር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ሁሉም ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉም እንዳልሰማ ይሆናል። ታላቅ ወንድሟ አትናቴዎስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የደብረ ብርሃኑ ሾፌር እሺ ማለቱን፣ ነገ ሰኞ ጠዋት መጥቶ የመኪናዋን ቁልፍ እንደሚረከብ፣ ሰውየው በመንገድ የበሰለ መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳ። እናቷ ወይዘሮ አመተሥላሴ «እሷስ?» አሉ። ከዚህች አንዲት ቃል በቀር የተናገሩት የለም። አትናቴዎስ ስለ ገብስ ዋጋ ማውራት ጀመረ።

የምሥራች ሰሐኑን ደጋግማ አጠበችው። ንጹሕ ነበር፤ ደሟ ስለፈላ ነው። የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት። ሦስተኛ መንጃ ፈቃዷን ደብረ ብርሃን ሄዳ፣ ከወንዶቹ ጋር ተሰልፋ፣ ተፈትና ያወጣች ናት። ግቢው ውስጥ የቆመችውን አባዱላ ሚኒባስ ዘይት የምትቀይርላት፣ የምታጥባት፣ ስትታመም ሆዷ ሥር ገብታ የምታዳምጣት እሷ ናት። አባቷ ወገባቸውን ታመው ሐኪሙ «ከእንግዲህ የጠጠር መንገድ እንዳያዩ» ካላቸው ጊዜ ወዲህ ደግሞ እህሉን ወፍጮ፣ እናቷን ጠበል፣ የጎረቤት ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ያደረሰችው እሷው ናት። ይኼ ሁሉ ግን በሜዳው ነው፤ ከከተማቸው ከመሐል ሜዳ ዘመሮ፣ ከዘመሮ መሐል ሜዳ። ቤቱን የሚያኖረው መስመር ሌላ ነው። ከጓሳ ወዲያ ወደ ቆላ የሚወርደው፣ በአንድ ወገን ግንብ የመሰለ ድንጋይ፣ በሌላው ወገን ባዶ አየር ያለበት መንገድ ነው። ቆላ ያሉት ነጋዴዎች እነ ዓብዱልቃድር ዕቃቸውን የሚልኩትና የሚቀበሉት በዚያ ነው። እስከዛሬ ለዚያ መስመር የተቀጠሩት ሾፌሮች አንዱ ማርሽ ፈጭቶ ሄደ፣ ሌላው መለዋወጫ ጎማ ሸጦ ጠፋ። እንዲያም ሆኖ «የምሥራች ትሞክረው» ያለ ሰው አልነበረም።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ግቢ ወጣች። አባዱላዋ አራት ጎማዋ ወልቆ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አዲሱ ጎማ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ተጭኖ ዛሬ ከሰዓት ይገባል ተብሏል። የመስከረም ንፋስ ከጓሳ በኩል እየመጣ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ነድታ እንዳታሳያቸው መኪናዋ እግር የላትም፤ እግር ቢኖራትም አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው ቁልቁለት ሊወርዱ አይችሉም። ነገ ደግሞ ሰውየው ይመጣል። አንድ ሰው ቁልፍ ከያዘ በኋላ ማስለቀቅ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ማሳያ ቀኗ ዛሬ ብቻ ነው፤ ማሳያ ቦታው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ያንን ስታስብ ራሷም ሳቋ መጣ፤ ቢሆንም ቆርጣ ተነሣች።

በግቢው የፊት ወገን፣ ወደ መንገድ በሚከፈተው ክፍል ምንተስኖት የሚባል ተከራያቸው ጌም ቤት ከፍቷል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሰማያዊ፣ አግዳሚ ወንበሩ ረጅም፣ ወለሉ የኦቾሎኒ ልጣጭ የማይጠፋበት። ሁለቱ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ኳስ ይጫወቱበታል፤ አንዱ ጨዋታ ሃያ ብር ነው፣ የተሸነፈ ይነሣል። ከጥግ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥንና አንድ አሮጌ ፕሌይስቴሽን አሉ፤ እዚያ አምስት ብር ብቻ ቢሆንም የሚቀመጥ የለም። በውስጡ ያለው ዲስክ የመኪና እሽቅድምድም ነው። ምንተስኖት ማሽኑን ራቤል ከተማ ካለ ሰው ሲገዛ አብሮ የመጣ ነው፤ ሽፋኑ የለም፣ ስሙ የተጻፈበት ፊደል ማንም የማያነበው ነው። የከተማው ወጣት ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ሞክሮታል። መኪናው ከተራራ ጫፍ ይነሣና ወደ ታች ይወርዳል፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑ እምቢ ይላል፤ መኪናው ገደል ይገባል። «ፍሬን የለሹ» ብለው ስም አወጡለትና ተዉት። በጌም ቤት ቶሎ የማያሸንፉበት ነገር ብዙ አይቆይም።

የምሥራች ያገኘችው ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ሰው ከቤት ባላስወጣበት ከሰዓት ነው። የመብራት ቆጣሪ ልታይ ገብታ፣ ምንተስኖት ብቻውን ሲያዛጋ አገኘችውና ተቀመጠች። እንደማንኛውም ሰው ወደቀች፣ ወደቀች፣ ወደቀች። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ጥግ አንዲት ትንሽ የመንኮራኩር ምልክት አየች። ፍሬን በያዘች ቁጥር ቢጫ ትሆናለች፣ ጨክና ስትይዝ ትቀላለች፣ ከቀላች በኋላ ፍሬኑ የለም። አባቷ ከቆላ ሲመለሱ ልብሳቸው ላይ አልፎ አልፎ የሚመጣው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ትዝ አላት። «ምንተስኖት፣ ይኼ እኮ ፍሬን የለሽ አይደለም። ፍሬኑ ይግላል» አለችው። እሱ ትከሻውን ሰበቀ። እሷ ግን የማስተካከያውን ገጽ እየጎረጎረች፣ ማርሹን በእጅ የሚያደርገውን ቦታ አገኘችና ሁለተኛ አስገብታ ወረደች። መኪናው እያጓራ፣ ሞተሩ ራሱ ይዞት፣ ሦስተኛውን ኩርባ አለፈ፣ አራተኛውንም አለፈ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላየው ድልድይ ከታች ታየ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በሌለበት ሰዓት እየገባች ታወርደዋለች። ጌሙ ጎበዝ ነው። አጨብጫቢ ሕዝብ የለው፣ ዘፈን የለው፣ ማንንም አያቆላምጥም። ጉም ይመጣል፤ ጉሙ ውስጥ የጠጠሩ ድምፅ ይለወጣል። ከታች ጭነት መኪኖች እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ መንገዱ ሁለት መኪና በግድ ነው የሚያሳልፈው። ሠሪዎቹ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ አታውቅም፤ እንደ ጓሳው ያለ ቁልቁለት የወረደ ሰው መሃላቸው እንደነበረ ግን ትምላለች። እንዲህ ያለ ነገር በጥግ አቧራ ሲጠጣ ማየት ያናድዳት ነበር። ዛሬ ግን ጠቀማት።

ምሳ ላይ ሽሮው ቀርቦ፣ አባቷ የበግ ጠጉር ባናቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ቀስ ብለው ሲቀመጡ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ ጀመረች።

«አባባ፣ ጠዋት ያሉትን ሰምቻለሁ።»

አትናቴዎስ ጉርሻው አፉ ደረሰና ቆመ። በዚያ ቤት የሰሙትን እንደሰሙ መናገር ያልተለመደ ነው።

«ከሰማሽ ደግ» አሉ አቶ በኃይሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ለክፋት አይደለም። አፈወርቅ ያን መስመር ሲነዳ አውቀዋለሁ፤ ከእኔ የተሻለ እጅ ነበረው። ፍሬን እየረገጠ ወረደና ከነተሳፋሪው ቀረ። አንቺን እዚያ መላክ አልችልም።»

«እኔ ፍሬን እየረገጥኩ ስወርድ አይተውኛል?»

«የት ልይሽ? መኪናዋ ድንጋይ ላይ ናት። የእኔም ወገብ እዚያው ነው።»

«ከግቢ ሳይርቁ ላሳይዎት። ምንተስኖት ቤት።»

አትናቴዎስ ሳቀ። አባቱን ጌም ቤት ውስጥ፣ ኦቾሎኒ ከሚበሉ ጎረምሶች መሃል በዓይነ ኅሊናው አየና ሳቁን መግታት አቃተው። አቶ በኃይሉ ፊታቸውን አጠቆሩ። የምሥራች አልተነሣችም፣ አላቀረቀረችምም። ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ሽሮው መቀዝቀዝ ጀመረ። በመጨረሻ ወይዘሮ አመተሥላሴ እንጀራ እየጨመሩ፣ ለማንም እንደማይናገሩ ሁሉ፣ «ሄደው ቢያይዋት ምን ይጎድልብዎታል?» አሉ። በዚያ ቤት እናቲቱ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የተናገሩበት ነገር ቀላል ነገር አይደለም። አቶ በኃይሉ ምርኩዛቸውን ፈለጉ።

ጌም ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ጎረምሶቹ ኳሱን አቁመው «ኖር!» ብለው ተነሡ። «በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ ገብተው በአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ፤ ምርኩዙን በጉልበታቸው መሃል አቆሙት። ምንተስኖት የምሥራች ጠዋት እንደለመነችው አሮጌውን ማሽን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ጠብቋል። ተራራው ሰፍቶ ሲታይ አቶ በኃይሉ ዓይናቸውን አጠበቡ። መጀመሪያ አትናቴዎስ «እስቲ እኔ ላሳያችሁ፣ ከዚያ ወደ ቁም ነገራችን እንመለሳለን» ብሎ ጆይስቲኩን ያዘ። መጀመሪያው ላይ ፈጠነ፤ ሁሉንም ቀደመ፤ ጎረምሶቹ አሞገሱት። ከዚያ ኩርባው መጣ። ፍሬን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ፣ ያዘ። ትንሿ መንኮራኩር ቀላች። «ኧረ አይዝም!» ሲል መኪናው አየር ላይ ነበረ። አቶ በኃይሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ትንፋሽ ሳቡ፤ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ረግጦ ቀረ። የአባቷ እግር ወለሉን እንደረገጠ መቅረቱን ያየችው የምሥራች ብቻ ናት።

ተራዋ ደረሰ። ያሰበችው ነገር አንድ ነው፤ አንደኛ ሆና ድልድዩን ማለፍ። ሌሎቹ አራት መኪኖች የሚነዱት በማሽኑ ነው፣ ደግሞም አይራሩም። አንደኛ የወጣችበት ቀን ጥቂት ቢሆንም ወጥታ ታውቃለች፤ ዛሬም መውጣት አለባት። ከተራራው ጫፍ ስትነሣ ኋላ ቀረች። ጎረምሶቹ አጉረመረሙ። የመጀመሪያው ኩርባ ከመድረሱ በፊት ማርሽ ቀነሰች፤ ሞተሩ አጓራ። «ሁለተኛ» የሚል ድምፅ ከአግዳሚው ጫፍ ተሰማ፤ አባቷ ለራሳቸው ነበር የተናገሩት፣ እሷ ግን ቀድማ አስገብታው ነበር። ሁለተኛው ኩርባ ላይ አንዱን መኪና አለፈችው። ጉሙ መጣ፤ ጆሮዋን ለጠጠሩ ሰጠች። ከጉሙ ስትወጣ ሌላ ሁለት መኪና ቀድማለች። መንኮራኩሯ እንደነጣች ናት። ኳስ የሚጫወቱት ሁሉ ዞረዋል። አራተኛው መኪና ላይ ደረሰች፣ በውስጥ በኩል ሾለከች፣ አንደኛ ሆነች። ድልድዩ ከታች ታየ።

የቀራት አንድ ጠባብ ኩርባ ነው። ኩርባው ላይ፣ ከታች፣ እስከ ጣሪያው የተጫነ ሲኖ የጭነት መኪና እያቃሰተ ሲወጣ አየችው። በዚያች ሰከንድ የሆነውን በኋላ ስታስበው ለራሷም ግራ ይገባታል። በገደሉ ጠርዝ ሾልካ ማለፍ ትችል ነበር፤ ከዚህ በፊት አልፋበታለች። ዛሬ ግን የአባቷ ትንፋሽ ከጎኗ ይሰማታል፤ እጆቿ ጌም መሆኑን ረሱት። የጓሳን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ጭነት ይዞ ለሚወጣ መኪና ጥጉን ይይዝና ይቆማል፤ ጭነት ዳገት ላይ ከቆመ መነሻ የለውምና። ይህን በትምህርት ቤት አላስተማሯትም፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአባቷ መኪና ጋቢና ተቀምጣ ያየችው ነው። የምሥራች ማርሽ ቀነሰች፣ መኪናዋን ወደ ድንጋዩ አስጠጋች፣ ቆመች። ሲኖው በቀስታ አለፈ። ከኋላዋ አንዱ መኪና አለፋት፣ ሁለተኛው አለፋት፣ አራቱም አለፏት። አምስተኛ ወጣች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ለማን ነው ያሳለፍሽው? ለቴሌቪዥን?» አለ አንዱ። አትናቴዎስ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ምንተስኖት ብቻ ጭንቅላቱን ያዘ። አቶ በኃይሉ አልሳቁም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ለምንተስኖት «እግዜር ይስጥልኝ» አሉት፣ ወጡ። የምሥራች ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀረች። አፈረች፤ ከማፈርም በላይ በራሷ ተናደደች። አንድ ቀን ተሰጥቷት፣ አንድ ኩርባ ሲቀራት፣ ማሽን ለሚነዳው የውሸት ጭነት ቆማ አበላሸችው።

«ሌላ ዙር ልክፈትልሽ?» አላት ምንተስኖት።

«ለማን?» አለችው። «የሚያየኝ ሰው ሄዷል።»

ወደ ማታ ጎማው መጣ። የምሥራች ክሪኩን አወጣች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አራቱንም አሰረች። አትናቴዎስ መጥቶ «ተይው፣ ሾፌሩ ጠዋት ያስረዋል» ቢላት «እኔ ያላሰርኩት ጎማ ከዚህ ግቢ አይወጣም» አለችው። ብሎኖቹን አጥብቃ፣ እንደገና ዞራ ሞከረቻቸው። ንዴቷ እየወጣላት ሲሄድ በቦታው ሌላ ነገር ገባ። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። ነገ ሰውየው ሲመጣ አትሰጠውም። ይጩኹባት፣ ይቆጧት፣ ዘመድ ይሰብስቡባት፤ ሊቀበላት የሚፈልግ እጇን ፈልቅቆ ይቀበላት። በሕይወቷ አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም፤ ጎማ ስታጠብቅ ግን ቃሉን በልቧ ደጋግማ ተለማመደችው።

ራት ላይ ማንም ስለ ቀኑ አላነሣም። አትናቴዎስ ስለ ጎማው ዋጋ አወራ፤ ከዓምናው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወይዘሮ አመተሥላሴ አቀረቡ፣ አነሡ። የምሥራች እጇን ኪሷ ውስጥ አድርጋ ቁልፉን ጨብጣለች። እምቢታዋን ልትናገር አፏን ስትከፍት አባቷ ቀደሟት።

«ያን ሲኖ ለምን አሳለፍሽው?»

«ጭነት ነበረው» አለች። ሌላ ምክንያት ፈለገች፤ አላገኘችም። «ዳገት ላይ ነበር።»

«ጨዋታ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። ረሳሁት።»

አቶ በኃይሉ ባናቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። ለረጅም ጊዜ የማዕዱን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ። «እኔ ደግሞ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያ ልጅ ቤት የሄድኩት እሽቅድምድም አይቼ ልመለስ ነበር። ሮጣ ሮጣ ገደል ትገባለች፣ እሱን አይቼ አርፋለሁ ብዬ ነበር።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አትናቴዎስ፣ ለሰውየው ደውል።»

«ምን ልበለው?»

«ሾፌር አለን በለው።»

አትናቴዎስ እናቱን አየ፣ እህቱን አየ፣ አባቱን አየ። የሚያግዘው ፊት ሲያጣ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። የምሥራች ኪሷ ውስጥ ያለው ቁልፍ መዳፏን ሲወጋት ነው አጥብቃ እንደያዘችው ያወቀችው። ላቀቀችው። ለማመስገንም፣ የተዘጋጀችበትን ጠብ ለመተውም ጊዜ አጣች። እናቷ ዞር ብለው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«አንቺ ልጅ» አሉ አባቷ፣ አትናቴዎስ መራቁን ካረጋገጡ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ምንተስኖት... ጠዋት ጠዋት፣ ጎረምሶቹ ሳይመጡ፣ ይከፍትልኝ ይሆን?»

የምሥራች አየቻቸው። ወገባቸው ከታመመ ጀምሮ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ በመንገድ የሚያልፈውን መኪና ድምፅ እየሰሙ «ይኼ ማርሽ ዘገየበት» ሲሉ ትሰማቸው ነበር። የሰሙትን እንደሰሙ መናገር በዚያ ቤት ስላልተለመደ አንድም ቀን ምንም ብላቸው አታውቅም። «ይከፍትልዎታል» አለች። «እኔ እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ አባዱላዋን አስነሥታ ከግቢ ወጣች። ብርዱ መስታወቱን አጉሞታል፤ በእጇ ጠረገችው። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች መናኸሪያ ይጠብቋታል፤ ሾፌሯን ሲያዩ ሁለቱ ይወርዱ ይሆናል፣ ይውረዱ፤ የቀሩትን ይዛ ትሄዳለች። ጌም ቤቱ አጠገብ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ከውስጥ የቴሌቪዥን ብርሃን ሲንቀሳቀስ አየች። ቀስ አለች። አባቷ ባናቸውን ለብሰው አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ ሁለት እጃቸው ጆይስቲኩ ላይ፣ ቀኝ እግራቸው ወለሉ ላይ፤ ከማሽኑ ውስጥ ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ያጓራል። ክላክሱን አንድ ጊዜ ነካ አደረገችው። አልዞሩም፤ ኩርባው ላይ ነበሩ።